በምንጩ ራስ ላይ የተቀበረው ዘይት

ቄስ ዘርአ ዳዊት ከአንኮበር ተነሥተው ደብረ ብርሃን፣ የፀደንያ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጃቸው ነበር። ጠዋት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ገና አልለቀቀም። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር በበርሜል ተሞልቷል። ፀደንያ እጇን በሰጋቱራ እያሸች ከበርሜሎቹ መሐል ብቅ አለችና መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ስትል፣ እጇ ጥቁር መሆኑ ትዝ ብሏት ወደ ኋላዋ ሸሸገችው።

«የተቃጠለ ዘይት የምትሰበስበው ሴት አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ አባ።»

«እንግዲያው ይኼን አሽትቺልኝ።»

ጠርሙሱን ተቀበለች። ውስጡ ኩልል ያለ ውሃ ነው። ላዩ ላይ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተንሳፏል፤ ወደ ብርሃን ስታዘነብለው አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ እየሆነ ይገላበጣል። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ሁለተኛ ማሽተት አላስፈለጋትም። ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረች ከመኪና ሆድ የሚወርደውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መሰብሰብና አጣርቶ መልሶ ለሚጠቀምበት ፋብሪካ ማስረከብ ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው።

«ከየት ቀዱት?»

«ከደብራችን ምንጭ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምድር የተንቀጠቀጠች ጊዜ ታስታውሻለሽ? ከዚያ ወዲህ ነው። ቀስተ ደመና ውሃው ላይ ተቀመጠ እየተባለ ሕዝቡ መጥቶ ይንበረከካል። እኔ ካህን ነኝ ልጄ፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ሰው ማሰገድ አልችልም። ሳላውቅ የሰው እምነት መስበርም ፈራሁ። አንድ ቀን እጄን ነክሬ ሳሸተው ግን የልጅነቴ ነገር መጣብኝ።»

ገና ዲያቆን ሳሉ ከምንጩ በላይ የመንገድ ሠሪዎች ሰፈር እንደ ነበረ ነገሯት። ቡልዶዘሩም፣ ግሬደሩም፣ ገልባጭ መኪናውም ዘይቱን የሚቀይረው እዚያ ነበር። ሠራተኞቹ አሮጌውን ዘይት በግንብ በተሠራ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያፈሱታል። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ጉድጓዱን በጥድ ግንድ ረብርበው፣ አፈር አልብሰው ተዉት። ሣር በቀለበት፤ ከብት ጋጠበት፤ ተረሳ።

«ምን ያህል ጊዜ አፈሰሱበት?» አለች ፀደንያ።

«ድቁና ከተቀበልኩ ጀምሮ ሚስት እስካገባ ድረስ።»

ፀደንያ ዞር ብላ በርሜሎቿን አየቻቸው። ያን ዕለት ጠዋት ግቢ አልበቃ ያላቸው በርሜሎች በዓይኗ ትንንሽ ሆኑባት።

በማግስቱ ከታናሽ ወንድሟ ከባየው ጋር በአይሱዙ ወደ አንኮበር ሄዱ። ባየው ሾፌርም፣ ጫኝም፣ የፀደንያ ቀኝ እጅም ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ጭነዋል፤ ፀሐይ ያሞቀውን ቀጠን ያለ ዘይት ከበርሜል ወደ በርሜል የሚያዛውሩት በእሱ ነበር። ጎረቤላ ከተማን አልፈው ሲሄዱ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገደልና ጉም ነው፤ ጉሙ ከቆላው እየተንደረደረ ይወጣና መንገዱ ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ በተበተነ ቁጥር አንድ ተራራ ከነእርሻው ብቅ ብሎ መልሶ ይሰወራል። ፀደንያ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ያን ቀን ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችው።

ምንጩ ከደብሩ ሥር ከአለት ስንጥቅ ይወጣል። አጠገቡ እማማ አልታየች የሚባሉ አሮጊት ተንበርክከው ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ እናቴ የሚላቸው ናቸው። ፀደንያን ሲያዩ እጇን ይዘው ወደ ውሃው ሳቧት።

«እዪ ልጄ፤ ቃል ኪዳኑን እዪ።»

አየች። ውሃው ከአለቱ ሥር በዝግታ ይዞራል፤ በላዩ ላይ ቀለማቱ እንደ ሐር ጨርቅ ይዘረጋሉ፣ ይተጣጠፋሉ፣ እንደገና ይዘረጋሉ። ምን እንደሆነ ታውቃለች። በየጋራዡ ወለል ላይ፣ በየኩሬው ዕለት ዕለት ረግጣው የምታልፈው ነገር ነው። ሆኖም አንድም ቀን ቆማ አይታው አታውቅም። ያንን የመሰለ ውበት በእግሯ ሥር እንደ ነበር ስታስብ እሷም ከአሮጊቷ ጎን ተንበረከከች።

«እማማ» አለች ቆይታ፣ «ያምራል። ግን አይጠጡት፤ ይጎዳዎታል።»

እማማ አልታየች ፊቷን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ዳገቱ ቀና አሉ። «ከላይ ነው የሚመጣው?»

«ልናየው ነው የመጣነው።»

ቄሱ ቦታውን አሳዩ፤ ገበሬዎች አፈሩን ጠርገው አንዱን ግንድ ፈነቀሉት። ከሥሩ የወጣው ሽታ የቆየ፣ የቀዘቀዘ፣ የታመቀ ነበር፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ፀደንያ በሆዷ ተኝታ ጠርዙ ላይ አንገቷን አሰገገች። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ዓይኗ ሲለምድ ከታች፣ ከሩቅ፣ አንዲት የሰማይ ቁራጭ አየች፤ በቁራጯ ውስጥ ደግሞ የራሷን ራስ። ባየው ብሎን በሲባጎ አስሮ ወደ ታች ለቀቀ። ሲባጎው ሄደ፣ ሄደ፣ አሁንም ሄደ። ሲጎትተው ከግማሽ በላዩ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«እታለም» አለ ባየው በሹክሹክታ፣ «ይኼ እኮ ባሕር ነው።»

ሞተሩን አስነሡት። ዳገቱ በጩኸት ተሞላ፤ የጎማ ቱቦው እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ገረፈው፤ ፀደንያ መዳፏን በቱቦው አፍ ላይ ደቀነች። ከአየር በቀር የመጣ ነገር የለም። ቱቦውን ውሃ ሞልተው ደግመው ሞከሩ። ጎማውን አሳጠሩ፣ አስረዘሙ። ከታች ያለው ዘይት አንዴም አልተነቃነቀም።

ባየው ተናደደ። ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ባልዲ ይዞ በመሰላል መውረድ ጀመረ። ፀደንያ «ቆይ!» ከማለቷ በፊት ራሱ ከጠርዙ በታች ሆነ። ጥቂት ወርዶ ቆመ። ከዚያ እጆቹ መሰላሉን ለቀቁ።

«ሳቡት! ሳቡት!»

ገበሬዎቹ ገመዱን በአንድ ጊዜ ጎተቱት። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ወጣ፤ ሣሩ ላይ ሲያጋድሙት አስመለሰውና መተንፈስ ጀመረ። ፀደንያ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ለዓመታት ስታሸተው የኖረችው ነገር ተጠራቅሞ፣ ታምቆ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባት።

«ከእንግዲህ ማንም አይገባም» አለች። «ክብሪትም፣ ጧፍም ወደዚህ አይቅረብ። አባ፣ ሰው ከምንጩ እንዳይቀዳ ይንገሩልኝ። እኔ ለዚህ የሚሆን ፓምፕ ፈልጌ እመለሳለሁ።»

ደብረ ብርሃን እንደ ገባች የሄደችው ወደ መምህር ማኅደረማርያም ነው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ማሽን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ የወርክሾፑን አሮጌ ዘይት የምትወስደው እሷ ስለሆነች ይተዋወቃሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ አሸዋና የብረት ፍቅፋቂ እንዳለበት ጠየቋት። ከዚያ ከጠረጴዛቸው ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አነሡ።

«ፓምፕ ዘይቱን ጎትቶ የሚያወጣው ይመስልሻል?»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

የጠርሙሱን አፍ ከንፈራቸው ላይ አድርገው አየሩን መጠጡት። ጠርሙሱ ቋ፣ ቋ ብሎ ተጨማደደ።

«ማን ጨመቀው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ በውስጡ ያለውን አየር አወጣሁ እንጂ አልጨመቅኩትም። የጨመቀው የውጪው አየር ነው። ከዚህ ጣራ በላይ እስከ ሰማይ የተከመረው አየር ሁሉ ክብደቱን በላያችን ጭኖ ነው ያለው። ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጥራል፤ ዘይቱን ወደዚያ ባዶ ቦታ ገፍቶ የሚያወጣው አየሩ ነው።»

ፀደንያ መዳፏን ዘረጋችና አየችው። ምንም የለበትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማይ ሸክም በመዳፏ ላይ ተቀምጦ እንደ ኖረ ማን ነግሯት ያውቃል? በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች፤ ሰው በጋሪ ይሄዳል፣ ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች፤ ሁሉም ከዚያ ሸክም ሥር ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

«አገራችን ደግሞ ከፍታ ላይ ነው» ሲሉ ቀጠሉ። «በላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ቆላ የሚገፋውን ያህል እዚህ አይገፋም። በዚያ ላይ ዘይቱ በብርዱ እንደ ማር ረግቷል። ያንቺ ሞተር ደግሞ በሚሽከረከር የብረት ምላጭ እየወረወረ የሚሠራ ነው፤ ውሃ ይወረወራል፣ የረጋ ዘይት ግን አይወረወርም።»

ወደ ወርክሾፑ ወሰዷት። ለማስተማሪያ ጎናቸው ተቆርጦ ውስጣቸው የሚታይ ፓምፖች በተርታ ተቀምጠዋል። አንዱ እንደ ሳንባ በሚነፋና በሚሟሽሽ ጎማ ይሠራል፤ ቆሻሻ አያስፈራውም፣ ግን የራሱ የአየር መጭመቂያ ማሽን ይፈልጋል፤ ያንን በዚያ ቁልቁለት የሚያወርደው የለም። በእጅ የሚዞረው ለበርሜል ሸጋ ነው፤ ለዚያ ጉድጓድ ግን አንድ ዕድሜ አይበቃውም። ከሦስተኛው ፊት ስትደርስ ቆመች። በብረት ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው ተቀምጠዋል። መምህሩ በአንዱ ጎን ወፍራም ዘይት አፈሰሱበት።

«አዙሪው።»

እጀታውን አዞረች። እያንዳንዱ ጥርስ አንዳንድ ጉርሻ ዘይት አንሥቶ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ተሸክሞት ዞረና በሌላው ጎን አስቀመጠው። ዘይቱ እንዳይመለስ መሐሉን ጥርሶቹ ራሳቸው ገጥመው ዘግተውታል። በመውጫው በኩል አንድ ወጥ ክር ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆራረጥ ወረደ። ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ በቀስታ ወጣ። አቆመች፤ ቆመ።

«ሞተር ሁሉ በሆዱ የዚህን ትንሽ ይዞ ነው የሚዞረው» አሏት። «በብርድ ጠዋት መኪና ሲነሣ፣ የረጋውን ዘይት ወደየአካሉ የሚያደርሰው ይኼ ነው።»

ስንት መኪና ሥር ተንጋልላ ዘይት ተቀብላለች! ልብ የመሰለ ነገር በላይዋ እየመታ እንደ ነበር አላወቀችም። ሳቅ አመለጣት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ጠላቱ አሸዋና የብረት ስባሪ ነው፤ ጥርሱን ይበላዋል» አሉ መምህሩ። «ከፊቱ ጥሩ ወንፊት ይፈልጋል። ቀስ ብሎ መዞር አለበት። መውጫው ተዘግቶ ከሠራ ደግሞ ጎማውን ያፈነዳዋል።»

ሁለቱ አብረው ፍለጋ ወጡ። በአንድ ሱቅ አዲስና የሚያብረቀርቅ ፓምፕ አሳዩአት፤ ሻጩ ፍጥነቱን አወራላት፤ ምላጭ ያለው ነበር፣ አለፈችው። የፈለገችውን ያገኘችው አሮጌ ብረት ከሚከመርበት ግቢ ነው። አስፋልት ከሚረጭ መኪና የተፈታ፣ አቧራ የጠጣ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ፓምፕ። መምህሩ ክዳኑን ፈተው በባትሪ አበሩበት፤ ጥርሶቹ ሙሉ ነበሩ።

«አስፋልት የገፋ ይኼ አያቅተውም» አሉ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። «የጥልቀቱ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። የፈለገ ፓምፕ ቢሆን ከዚያ ጥልቀት አየሩ ገፍቶ ካላደረሰለት ባዶውን ነው የሚዞረው። ወደ ታች እናውርደው እንዳልል፣ ወንድምሽ የደረሰበትን አይተሻል።»

ፀደንያ ፓምፑ ላይ እጇን አሳረፈች። ግቢዋ ውስጥ ክዳኑን ረስታ ክረምት የገባባቸው በርሜሎች ትዝ አሏት። ዝናቡ በገባ ቁጥር ከሥር ይሄዳል፤ በጠርዙ የሚፈሰው ዘይቱ ነው።

«መምህር፣ ፓምፑን ወደ ዘይቱ ከማውረድ፣ ዘይቱን ወደ ፓምፑ ብናወጣውስ?»

«በምን?»

«በውሃ። ከሥሩ ውሃ ብናስገባ?»

መምህሩ በእጃቸው የያዙትን ብሎን ቁጭ አደረጉ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። «ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ የተሰነጠቀው የጉድጓዱ ወለል ከሆነ…» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ውሃው ከሥር ሲተኛ በዘይቱና በስንጥቁ መሐል ይሆናል። ወደ ምንጩ የሚሰርገው ውሃው እንጂ ዘይቱ አይሆንም። ፀደንያ! ዘይቱ ወደ እኛ ይወጣል፣ ከምንጩም ይርቃል፤ ሁለቱም በአንድ ውሃ!» ከብረት ክምር መሐል ቆመው ተያዩ።

ቄስ ዘርአ ዳዊት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩት። ያን ሳምንት ዳገቱ እንደ ገበያ ሆነ። ሴቶች በጀሪካን፣ ወንዶች በአህያ፣ ከምንጩ ሥር ካለው ወንዝ ውሃ አጋዙ። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርዱ ነጋዴዎችም ጭነታቸውን አራግፈው አህዮቻቸውን አሰለፉ፤ አንዱ «ይኼ ውሃ እኮ ወደ እኛም ነው የሚወርደው፤ ኢንሻአላህ እናጠራዋለን» አለ። ፀደንያ ውሃው ዘይቱን እንዳያምሰው እስከ ወለሉ የሚደርስ ቱቦ አስገብታ፣ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ታስፈስሰው ነበር።

መጀመሪያ ለውጥ አልታየም። ባየው በየጊዜው ሲባጎውን እየለቀቀ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጉሙ እንደ ተገፈፈ፣ ግንዶቹን ሁሉ አንሥተው ወደ ታች አዩ። ዘይቱ ወጥቷል። ግድግዳ ለግድግዳ ሞልቶ፣ ያለ አንዲት ሞገድ፣ ያለ አንዲት ድምፅ እያደገ ነው። እንዲያ ያለ መስተዋት ማንም አይቶ አያውቅም፤ ሰማዩ ከነደመናው ገብቶበታል፤ ንስር ሲያልፍ ከእግራቸው ሥር፣ ከጥልቁ ውስጥ በክንፉ ቀዝፎ አለፈ። አህያ እየነዳ የመጣው ሁሉ ጠርዙ ላይ ሲደርስ አህያውን አቁሞ ያያል። ቄሱ «እግዚኦ» አሉ።

«ይኼ ሁሉ ከራሳችን በላይ ነበር?» አሉ እማማ አልታየች።

የውሃ መሳቢያቸውን ሞተር ነፋሱ ጭሱን ወደ ገደሉ በሚወስድበት በኩል አራቁት፤ ቺንጋ የሚሉት ረጅም የጎማ ቀበቶ ከፓምፑ ጋር አገናኘው። መምህሩ ወንፊቱን ፈተሹ፤ ፀደንያ የመውጫውን ጎማ አፍ በርሜል ውስጥ አስገብታ ያዘችው። ባየው ሞተሩን አስነሣ። ፓምፑ አልጮኸም። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ። ቆየ። ከዚያ ጎማው በእጇ ውስጥ እንደሚነቃ ነገር ቀስ ብሎ ከበደ፣ ተገተረ፤ ጥቁሩ ዘይት ወፍራም፣ ወጥ ሆኖ፣ እያብረቀረቀ ወረደ።

እልልታው ገደሉን መታው። ወዲያው ደግሞ ሰው ሥራውን ትቶ የሚወርደውን ዘይት ብቻ ይመለከት ነበር። ቡልዶዘሮቹ ከነነጂዎቻቸው ካለፉ በኋላ የተረሳው፣ የብዙ ሰው የወጣትነት ድካም ያለበት ዘይት፣ በእነዚያ ሁለት መዘውሮች ጥርስ ጉርሻ በጉርሻ ተለክቶ ወደ ብርሃን ወጣ። ለፀደንያ ከዚህ በፊት ዘይት ሸክም ነበር፣ ሽታ ነበር፣ እንጀራ ነበር። ያን ቀን ግን የምትይዘው ነገር ከእሷ የሚበልጥ መሰላት፤ በርሜሉ ሲሞላ እጇን ለመንቀል ሰሰተች።

ሥራው በዚያ ቀን አላለቀም። ዘይቱ ሲጎድል ውሃ ይጨምራሉ፣ ውሃው ሲያነሣው ፓምፑ ይወስደዋል፤ አይሱዙው እየተመላለሰ በርሜል ያወጣል። ወንፊቱ በብረት ፍቅፋቂ ሲደፈን ፈትተው ያጥባሉ። አንድ ቀን ባየው ጥድፊያ አሸንፎት ፓምፑን ቢያስፈጥነው ጎማው ተፈትቶ እህትና ወንድሙን ከራስ እስከ እግር ዘይት አለበሳቸው፤ ሕዝቡ ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ። በመጨረሻ የሚወርደው ቀለም ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ውሃ፤ የፓምፑም ድምፅ ተለወጠ፤ ፀደንያ እጇን አንሥታ «አጥፋው» አለች። ላዩ ላይ የቀረውን ስስ ዘይት ጭድ በትነው አስመጠጡት፤ ጭዱንም ሰብስበው ከበርሜሎቹ ጋር ጫኑት። ውሃውንም ቀድተው ሲያወጡትና ጉድጓዱ ብዙ ቀን ሲናፈስ ስንጥቁ ታየ፤ ከወለሉ ጥግ እስከ ጥግ የሚሄድ ነበር። መምህሩ ከላይ ሆነው በረጅም እንጨት ጫፍ ባትሪ አስረው ወደ ታች አበሩበት፤ ገበሬዎቹም ማንም ሳይወርድ ከላይ ሸክላ አፈር አፍስሰው፣ ድንጋይ ሞልተው ደፈኑት።

ምንጩ ወዲያው አልጠራም። መምህር ማኅደረማርያም በየጊዜው ውሃ እየቀዱ ለምርመራ ይልኩ ነበር፤ መልሱ «ገና» ነበር። ክረምቱ በአንኮበር ላይ እንደ ልማዱ ሳያባራ ዘነበ። ሰዉ ከሩቅ ወንዝ እየቀዳ ታገሠ። ጉሙ ተገፎ አደይ ዳገቱን ሲያለብሰው ቄስ ዘርአ ዳዊት ስልክ ደወሉላት። «የምርመራው መልስ ‹ጠርቷል› ብሏል፤ ኑ» አሏት።

ፀደንያና ባየው ሲደርሱ ሕዝቡ ምንጩን ከቦ ነበር፤ ማንም ገና አልቀመሰም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው በጣሳ ቀዱና አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ ከዚያ ጣሳውን ሞልተው ለፀደንያ ሰጧት። ውሃው ከአለቱ ሆድ እንደ ወጣ ጥርስ ያደነዝዛል። በአንድ ትንፋሽ ጠጣችውና የተረፈውን ለባየው አቀበለችው። ባየው ጨርሶ ጣሳውን መልሶ ዘረጋ።

«ይድገሙኝ አባ» አለ።